«እኔ እኮ ትንሽ ነው የማጨሰው»

ድሬ በገባሁ ቁጥር የሚጠብቀኝ ክስ አንድ ነው። «አሜሪካ ተቀምጠህ ምን አስጨንቆህ ነው የምታጨሰው?» ይሉኛል። የተጨነቀ ያጨሳል፣ በጣም የተጨነቀ በጣም ያጨሳል ነው ነገሩ።

አቦ፣ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ የምሠራበት መጋዘን ጥቁሮች ከነጮቹ እጥፍ ባጨሱ ነበር።

የምሠራው ሌሊት ነው። እረፍት ሲደርስ አጫሾቹ በኋላ በር ወጥተን እንቆማለን። (እውነቱን ለመናገር የማያጨስ ሰው በመሀል ብድግ ብሎ ቢወጣ አለቃው ያፈጥበታል፣ አጫሽ ሲወጣ ግን ማንም ምንም አይለውም። እኔንም ያስጀመረኝ ይሄ ነው።) ነጮቹ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ይለኩሳሉ፣ በአንድ ፈረቃ አንድ ፓኮ የሚጨርስ አለ። ጥቁሮቹ አንድ ፍሬ ያጨሳሉ፣ ያውም ሜንቶል (ሚንት ሚንት የሚለውን)፣ ግማሹን አጥፍተው ለበኋላ የሚያስቀምጡም አሉ። እኔም እንደነሱ ነኝ።

ታዲያ ጭንቀቱስ? ነጩም ይጨነቃል። ኪራይ አለ፣ ፍቺ አለ፣ ዕዳ አለ። ጥቁሩ ላይ ግን ሌላ ይደረብበታል። ሱቅ ስገባ ጥበቃው ይከተለኛል። ሊፍት ውስጥ ሴትየዋ ቦርሳዋን ጠበቅ ታደርጋለች። ዴቪድ ዊሊያምስ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን የየዕለት ንቀት የሚለካ መጠይቅ አውጥቷል። ሰዎች የሚፈሩህ ይመስላሉ? ምግብ ቤት ከሌላው ያነሰ መስተንግዶ ይገጥምሃል? እያለ ይጠይቃል። ሳነበው ሰውየው የእኔን ሳምንት የጻፈ መሰለኝ። ድሬ ላይ እኔን የሚፈራ ሰው ተገኘ ቢባል ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ይሞታል።

እንግዲህ ጭንቀቱ በዝቶ ሲጋራው ካነሰ ሳንባቸው ይተርፋል ትላለህ። አይተርፍም። የአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በአማካይ ዘግይተው ይጀምራሉ፣ በቀን የሚያጨሱትም ያነሰ ነው፣ በሳንባ ካንሰር ግን ከነጮቹ በላይ ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ትልቅ ጥናት በቀን 10 ወይም ከዚያ በታች ከሚያጨሱት መሀል የጥቁሮቹ አደጋ ከነጮቹ በጣም ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። ከ30 በላይ የሚያጨሱት ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ጠፋ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ አጫሹ ላይ ነው የባሰው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ጥቁሮቹ በአማካይ ከአንዷ ፍሬ የሚስቡት ኒኮቲን ይበልጣል። ሐኪም ጋ ዘግይቶ መድረስም አለ። ሜንቶሉ ደግሞ ጉሮሮ ስለሚያቀዘቅዝ ጭሱ አይቆረቁርም፣ ለመተው ሲሞክሩትም ያስቸግራል። ይሄ እንዲሁ የመጣ ምርጫ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከ10 ጥቁር አጫሾች ሜንቶል የሚያጨሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ኩባንያዎቹ በጥቁሮች መጽሔትና በጃዝ ፌስቲቫል ማስታወቂያውን ለቀቁት፣ ዛሬ ከ10ሩ ወደ ስምንቱ የሚሆኑት ሜንቶል ነው የሚያጨሱት። እ.ኤ.አ. በ1990 «አፕታውን» የሚባል ሜንቶል በቀጥታ ለጥቁሮች ተብሎ ፊላደልፊያ ላይ ሊሞከር ሲል፣ የዚያን ጊዜው የጤና ሚኒስትር ሉዊስ ሱሊቫን፣ እሱም ጥቁር ነው፣ አደባባይ ወጥቶ አወገዘው። ኩባንያውም ሰረዘው።

ይህን ሁሉ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ጓደኛችን ቤት በርጫ ላይ አወራሁላቸው። ማን ሊያስጨርሰኝ! «ወሪያ፣ እኛ ምን አገባን? እኛ የምናጨሰው ስንቅም ብቻ ነው» አለኝ አንዱ። የሚቅመው ደግሞ በየቀኑ ነው። ምሳውን በልቶ የአወዳይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሙቀቱን ሽሽት መስኮቱ ይዘጋል፣ ምርቃናው ሲመጣ አንዷ ሌላዋን ትጠራለች፣ መግሪብ ሲደርስ ፓኮው ባዶ ነው። ሥራ ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ ኑሮው እንደምታውቁት ነው፣ ጭንቀት ከተባለ እሱም አላነሰውም። ግን ተጠይቆ የሚመልሰው «ትንሽ ነው» ብሎ ነው።

ሌላው ደግሞ «እሱ የጥቁሮቹ ጉዳይ ነው፣ እኛ ሐበሻ ነን» አለ። ክሊኒክ ስሄድ በሚሰጡኝ ፎርም ላይ ሐበሻ የሚል ሳጥን የለም አልኩት። ከት ብለው ሳቁ። ጥናቱ የአሜሪካ ጥቁሮች ላይ መሠራቱ ልክ ነው፣ የድሬ ልጅ ሳንባም እንዲሁ ነው ብዬ አልምልም። ግን «ትንሽ ነው» የሚለው ሰበብ ለማንም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ለኔ አላዋጣኝም፣ መቀነሱን ትቼ ጭራሽ ለማቆም የኒኮቲን ማስቲካ ጀምሬያለሁ። ጣዕሙ አያድርስ ነው።

ጉዞዬ ሲቃረብ የሚመጣው የትእዛዝ ዝርዝር ላይ «ከኤርፖርት ሜንቶል በካርቶን» የሚል አይጠፋም። ጫማ አመጣለሁ፣ ስልክ አመጣለሁ። ሲጋራ ግን ለማንም አልሸከምም፣ ቅር ያለው ቅር ይበለው።