አንድ ማነቂያ፣ አሥራ አራት ወር

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ልምምዱ ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ከእኔ አሥራ አምስት ኪሎ ግራም የሚከብድ ባለ ሐምራዊ ቀበቶ ባልደረባዬ በመዳፉ ክንዴን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ጁጂትሱን፣ ማለትም መሬት ላይ እየታገሉ ተጋጣሚን በማነቅ ወይም መገጣጠሚያውን በመቆለፍ እጅ የሚያሰጡበትን ስፖርት ለማያውቅ አንባቢ፣ ይህ ምልክት «በቃኝ፣ ልቀቀኝ» ማለት ነው። እጁን ያሰጠው ከላይ ተቀምጬ በገዛ ኮሌታው ያነቅሁበት መንገድ ሲሆን፣ ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው፣ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው «ልምድ ባለው ሰው ላይ አይሠራም» ብሎ የሚተወው ነው። እኔ ግን አልተውሁትም፤ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ደስታውን ለማካፈል፣ በከፊል ደግሞ ከአሥራ አራቱ ወራት አሥሩን እንዴት እንዳባከንሁ ለመናዘዝ ነው።

ስለ ጅማሬዬ ብዙ የሚባል ነገር የለም። የምኖረው ለንደን ነው፤ ልምምድ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖኛል፤ ከነጭ በላይ፣ ከሐምራዊ በታች ያለውን ሰማያዊ ቀበቶ የታጠቅሁት በሃያ ሁለተኛው ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተማርሁት ዋና ነገር ሰው ደረቴ ላይ ተጭኖኝም ቢሆን መተንፈስ እንደሚቻል ነው። ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ከልጅነቴ ይዤው የመጣሁት ልማድ ነበር። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከብት ስንጠብቅ በምንታገለው ትግል ጀርባው መሬት የነካ ልጅ ተሸናፊ ነው፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። በጁጂትሱ ደግሞ ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ነው። ጀርባዬ ምንጣፉን በነካ ቁጥር በውስጤ የነበረው እረኛ «ተሸነፍህ» እያለ ተስፋ ስለሚያስቆርጠኝ፣ ከሥር ሆኖ መታገልን በቅጡ ለመማር ከሌሎች ይልቅ ዘግይቻለሁ።

ወደ ማነቂያው የመራኝ የሮጀር ግሬሲ የውድድር ሕይወት ነው። ሮጀር እ.ኤ.አ. በ1981 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ የተወለደ፣ በእናቱ በኩል ከብራዚል ጁጂትሱ መሥራቾች አንዱ የነበረው የካርሎስ ግሬሲ የልጅ ልጅ የሆነ፣ በኋላም ለንደን መጥቶ የራሱን ማሠልጠኛ የከፈተ ተፋላሚ ነው። በጥቁር ቀበቶ ደረጃ አሥር የዓለም ሻምፒዮና ድሎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በ2007፣ በ2009 እና በ2010 ያገኛቸው ሦስቱ ክብደት ሳይለይ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሚገጥምበት ምድብ የተገኙ ናቸው። እኔን ያስገረመኝ ግን የሜዳሊያው ብዛት አይደለም። በ2009 ሎንግ ቢች ላይ በተካሄደው ሻምፒዮና፣ በክብደቱም በአጠቃላዩም ምድብ የገጠሙትን ሁሉ እጅ ሲያሰጥ፣ አብዛኞቹን ያሸነፈው እኔ በጀማሪዎች ክፍል በተማርሁት በዚያው ማነቂያ ነበር። ተጋጣሚዎቹ በዓለም ላይ የታወቁ ጥቁር ቀበቶዎች ናቸው፤ ምን እንደሚመጣባቸውም አስቀድመው ያውቃሉ፤ ሆኖም መከላከል አልቻሉም።

በበኩሌ ከድሎቹ ይልቅ ሽንፈቶቹን መመልከት የበለጠ ጠቅሞኛል። በ2004 የዓለም ሻምፒዮና የአጠቃላይ ምድብ ፍጻሜ ላይ የብራዚላዊውን ተፋላሚ የዣካሬን ክንድ ቆልፎ ጉዳት አድርሶበታል፤ ዣካሬ ግን እጁን ሳይሰጥ፣ በተጎዳ ክንዱ ሰዓቱን ገፍቶ በነጥብ አሸነፈው። በቀጣዩ ዓመት ኤዲሲሲ በሚባለው፣ ኮሌታ ያለው ልብስ ሳይለበስ በሚደረገው ውድድር ሮጀር ክብደቱንም አጠቃላዩንም ምድብ ሲያሸንፍ የገጠማቸውን ሁሉ እጅ አሰጥቷል፤ በአጠቃላዩ ፍጻሜ ያነቀውም ያንኑ ዣካሬን ነበር። የሁለቱን ግጥሚያዎች ቪዲዮ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ የገባኝ፣ ልዩነቱ አዲስ ቴክኒክ ሳይሆን ይዞታን አለመልቀቅ መሆኑ ነው። ሰውየው ቴክኒኩን ከመጀመሩ በፊት ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ላንሣ። ባለፈው ዓመት በአንድ አነስተኛ ውድድር ተካፍዬ ነበር። ተጋጣሚዬን ጥዬ ሁለት ነጥብ አገኘሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ደረቱ ላይ ተቀመጥሁና አራት ተጨመረልኝ። ስድስት ለዜሮ እየመራሁ፣ ከአምስቱ ደቂቃ ሁለቱ ብቻ ቀርተው፣ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ አሸንፍ ነበር። እኔ ግን ሮጀርን መሆን አማረኝ። ቀኝ እጄን ኮሌታው ውስጥ ከተትሁ፤ ግራዬን ለማስከተል ብድግ ስል ሰውየው ክንዴን አቅፎ፣ ዳሌውን አንሥቶ፣ እንደ ጆንያ ገለበጠኝ። ደረቱ ላይ የተቀመጠበትን ሰው (ይህ ይዞታ ማውንት ይባላል) ገልብጦ መውጣት ነጥብ ስለማያሰጥ ውጤቱ ለጊዜው አልተለወጠም፤ ነገር ግን እግሮቼን አልፎ ሦስት፣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አራት አገኘና ሰባት ለስድስት ተሸነፍሁ። ለሳምንት ያህል ሥራ ቦታም ሆኜ ሰባት ለስድስት የሚለው ቁጥር ከአእምሮዬ አልጠፋም።

በክለባችን ውስጥ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ እኔ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው የአገሬ ሰው አሉ። ቪዲዮውን ባሳየኋቸው ጊዜ እንደማጽናናት ያለ ነገር ጠብቄ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። «ሰውየው ተኝቶልህ ነበር፤ ያስነሣኸው ራስህ ነህ።»

«ሲነሣብኝ በምን ልደገፍ ጋሼ? አንዱ እጄ ኮሌታው ውስጥ ነው።»

«እሱን እወቅ እንጂ!» ብለውኝ ቀበቷቸውን እያጠበቁ ሄዱ።

ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ የቀሩት ወራት ሥራዬም እሱን መመለስ ሆነ። ነገሩን በዝርዝር ላስረዳ። ቀኝ እጄ የተጋጣሚዬን ቀኝ ኮሌታ ይዞ አንገቱ ሥር ሲገባ፣ በቀኜ በኩል ልደገፍበት የምችለው እጅ የለኝም ማለት ነው። ተጋጣሚው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ያንን ክንድ አቅፎ የሚገለብጠኝ ሁልጊዜ ወደ ቀኜ ነው። እኔ ደግሞ ይህ ሳይገባኝ ለወራት ያህል ጡንቻዬን ሳጠነክርና እጄን ሳፈጥን ከረምሁ፤ ሁለቱም ውሃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነበር። መልሱ ግንባሬ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው እጅ ከገባ በኋላ ደረቴን ዝቅ አድርጌ፣ ግንባሬን ከተጋጣሚዬ ግራ ጆሮ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ስተክል፣ እጄ ሊሠራው ያልቻለውን ጭንቅላቴ ይሠራዋል፤ ወደ ቀኝ ለመገልበጥ የሚያነሣው ዳሌ ምሰሶ ያገኘ ያህል ይቆማል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚያ ቀደም ብሎ የሚመጣ ነው። ኮሌታውን የምይዘው ጥልቀት ሳይኖረኝ፣ ከማጅራቱ ብዙ ርቄ፣ የአንገት አጥንቱ አጠገብ ነበር። ከዚያ ቦታ ቢጎትቱት ቢጎትቱት ሰውየውን ያስለዋል እንጂ አያንቀውም፤ ምክንያቱም ማነቂያው የሚሠራው የአየር ቧንቧውን በመጫን ሳይሆን በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱትን ሥሮች በመጭመቅ ነው። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ጉልበቶቼን በየተራ እያስጠጋሁ እስከ ብብቱ ድረስ አወጣቸዋለሁ፤ ይህን ጊዜ ክርኖቹ ከጎኑ ይለያሉ። በግራ እጄ ቀኝ ኮሌታውን ወደ ታች ስቤ ከአንገቱ አላቅቀዋለሁ፤ በተከፈተው ቦታ የቀኝ እጄን አራት ጣቶች ወደ ውስጥ፣ አውራ ጣቴን ወደ ውጭ አድርጌ፣ የእጄ ጀርባ ምንጣፉን እስኪነካ ድረስ ወደ ማጅራቱ እሰደዋለሁ። ከዚያ ግንባር መሬት። ከዚያ ደግሞ ምንም አላደርግም።

ይህ «ምንም አለማድረግ» ነው እኔን የለወጠኝ። ለሁለት ወር ያህል ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተስማምተን፣ የመጀመሪያውን እጅ አስገብቼ ለሁለት ደቂቃ እንድቆይ፣ እሱም በማንኛውም መንገድ እንዲያመልጥ፣ እኔ ግን ሁለተኛውን እጅ ፈጽሞ እንዳልጨምር ደንብ አወጣን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደቂቃ የቆየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ግን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋልሁ፤ ለማምለጥ ሁለቱንም እጆቹን ስለሚጠቀም አንገቱን የሚጠብቅለት አጥቶ፣ የግራ ኮሌታው ራሱ ወደ እጄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግራ እጄ፣ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ከቀኝ ክንዴ በላይ ተሻግሮ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ ይይዛል፤ ከዚያ አንጓዎቼን የታጠበ ልብስ እንደሚጨመቅ አዙሬ ክርኖቼን ወደ ራሴ እሰበስባለሁ። ባለፈው ሐሙስ የሆነው ይኸው ነው።

ስለ ስልጠና ዘዴ ያለኝ አስተያየት ብዙዎችን እንደማያስደስት አውቃለሁ። በየሳምንቱ አዲስ ቴክኒክ የሚያሳይ ክፍል ለጀማሪ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። በድረ ገጽ የሚሸጡ የማስተማሪያ ቪዲዮዎችንም ለማጠራቀም የሚጣደፉ ጓደኞቼ ከእኔ የተሻለ ሲማሩ አላየሁም፤ ይህን የምለው እኔ ራሴ ሰባት ገዝቼ አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ያላየሁ ሰው ሆኜ ነው። «ሮጀር ረጅምና ከባድ ስለሆነ ነው የሚሠራለት» የሚሉኝን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ እላቸዋለሁ። በ2017 ሪዮ ላይ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ከውድድር ሊሰናበት ሲል የገጠመው የዓለም ሻምፒዮኑ ቡሼሻ በቁመናም በጉልበትም የሚያንሰው ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ጀርባውን ይዞ በኮሌታው አነቀው። ያ ማነቂያ የእኔው ዓይነት ባይሆንም፣ ትዕግሥቱ ግን ያው ነው።

ምክሬ ጎደሎ መሆኑንም ልሸሽግ አልፈልግም። አሥራ አራት ወር አንድ ነገር ላይ ስለተከልሁ የጋርድ ጨዋታዬ፣ ማለትም ከሥር ሆኖ በእግር እየተከላከሉ መታገሉ፣ ከነጭ ቀበቶዎች አይሻልም፤ ከሥር ከሆንሁ ዛሬም እረኛው ይመጣብኛል። የቀኝ እጄ የመሐልና የቀለበት ጣት መጋጠሚያዎች ጠዋት ጠዋት ስለማይታጠፉ፣ ፕላስተር ሳልጠመጥም ወደ ምንጣፍ አልወጣም፤ ኮሌታን አጥብቆ መያዝ ጣትን እንደሚበላ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያን ያህል ባልጨበጥሁ ነበር። እጁን የሰጠውም እስካሁን ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ከእነሱም አንዱ ታምሞ ሰንብቶ በተመለሰበት ቀን ነበር።

ትናንት ማታ ያንኑ ባለ ሐምራዊ ቀበቶ ዳግመኛ ገጠምሁት። ቀኝ እጄን ገና ኮሌታው አጠገብ ሳላደርሰው አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ፣ በሁለት እጁ አንጓዬን ይዞ ሳቀ። በግራ እጄ ልጀምር ብዬ ሞከርሁ፤ ግንባሬን የት እንደምተክል ግራ ገባኝና ገለበጠኝ።