የነርሷ ካሴት

መጀመሪያ ስለ ታክሲው ልናገርና ይውጣልኝ። አየርላንድ ውስጥ ከኒውብሪጅ ከተማ እስከ ፕሮስፐረስ መንደር መንገዱ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። 50 ዩሮ ከፈልኩ። ሹፌሩ «ቆጣሪው ተበላሽቷል» አለኝ። ይህችን ንግግር አዲስ አበባ ትቻት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ምን ልሠራ ሄድኩ? ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። በ1985 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ወሎ ውስጥ የአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ሹፌር ነበር። አብራው የምትሠራ አይሪሽ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ካሴት ትታለት ሄደች። ካሴቱ ከጥላሁንና ከብዙነሽ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ኖረ። ሽፋኑ ከጠፋ ቆይቷል። ጎኑ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ «ነርስ» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ቤት የማንም ዘፈን አይደለም፣ የነርሷ ነው። ዘፋኙ አይሪሹ ክሪስቲ ሙር፣ ካሴቱም በ1984 የወጣው «ራይድ ኦን» መሆኑን ያወቅሁት ዩቲዩብ ከመጣ በኋላ ነው።

ታላቅ እህቴ ደብሊን ነው የምትኖረው። ኅዳር ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። ስለ በረራው የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። ክሪስቲ ሙር በሰማንያ ዓመቱም አካባቢ መድረክ ላይ ነው፤ ደብሊን ቪካር ስትሪት የሚባለው አዳራሽ ቤቱ ማለት ነው። እኔ ደርሼ ልግዛ ስል ትኬት የለም።

«ከወራት በፊት ነው እኮ የሚያልቀው፣ አንተ ደግሞ የኮንትራት ታክሲ መሰለህ እንዴ?» አለችኝ እትዬ።

እሷ የምትኖርበት ሰፈር ከአርቴን ብዙም አይርቅም። በ1981 በቫለንታይን ሌሊት ስታርደስት የሚባል ጭፈራ ቤት ተቃጥሎ 48 ወጣቶች የሞቱበት ሰፈር ነው። መውጫ በሮቹ እንዳይከፈቱ ሆነው ነበር። ክሪስቲ ሙር በ1985 ስለ ሟቾቹ ወጣቶች ዘፈን ጻፈ። ጉዳዩ ገና በሕግ የተያዘ ስለነበር ፍርድ ቤት ዘፈኑን ችሎት መድፈር ነው ብሎ ወሰነ፤ አልበሙ ከገበያ ተሰብስቦ ዘፈኑ ወጥቶለት በሌላ ተተካ። በ2024 ጉዳዩን እንደገና የመረመረው ችሎት ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉ ወሰነ፤ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። ከ43 ዓመት በኋላ! እትዬ ኩሎክ ያለው የመታሰቢያ ፓርክ ወሰደችኝ። ዝናብ ነበር። ከእኛ ሌላ አንድ ውሻ የያዘ ሰውዬ ብቻ ነበር። ብዙ ሳናወራ ተመለስን።

በማግስቱ ብቻዬን ከሂዩስተን ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ኒውብሪጅ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ክሪስቲ ሙር የተወለደው እዚያ በ1945 ነው። ከተማዋ... ከተማ ናት። ሊፊ ወንዝ መሐሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ያው ደብሊን ድረስ የሚወርደው ወንዝ ነው። ቡና በ4 ዩሮ ጠጣሁ። የሚሰጡህ በባልዲ ነው፣ ጣዕሙ ግን ዕቃ የታጠበበት ውኃ ነው። ከከተማው ወጣ ስትል ኩራህ የሚባለው ሜዳ አለ። አጥር የለው፣ ዛፍ የለው፣ በጎች እንደልባቸው መኪና መንገድ ያቋርጣሉ። አገሬ አገሬ የሸተተኝ ቦታ እሱ ብቻ ነው። የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳቸውም እዚያው ነው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ክሪስቲ ሙር የባንክ ጸሐፊ ነበር! እኔም ያው ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በ1966 የአየርላንድ ባንኮች ሠራተኞች አድማ መቱ። እሱ ጊታሩን ይዞ እንግሊዝ ሄደ። ግንባታ ቦታ ሠራ፣ ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ዘፈነ፣ ወደ ባንኩ አልተመለሰም። የመጀመሪያ አልበሙን በ1969 ለንደን ላይ ሲቀዳ አጃቢዎቹ የማያውቃቸው ሙዚቀኞች ነበሩ። አልተመቸውም። ስለዚህ በ1971 አገሩ ተመልሶ የሚያውቃቸውን ሰዎች ሰበሰበ። ዶናል ለኒ የኒውብሪጅ የልጅነት ጓደኛው ነው፣ ጊታር ያስተማረውም እሱ ነው። ሊያም ኦፍሊን በክንድ ወናፍ የሚነፋውን የአየርላንድ ቧንቧ ይጫወታል። አንዲ ኧርቫይን ማንዶሊን ይዟል። ፕሮስፐረስ መንደር አጠገብ፣ የክሪስቲ እህት ባል ቤት ምድር ቤት ውስጥ ገብተው ቀዱት። አልበሙም ፕሮስፐረስ ተባለ። አራቱ በ1972 ፕላንክስቲ የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። እኔ አድማ ብመታ የት እንደምሄድ አሰብኩ። ጊታርም የለኝ።

ታክሲው ያወረደኝ እዚያች መንደር ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ጨለመ። የያዝኩት የእንግዳ ማረፊያ ማሞቂያው በጊዜ ይጠፋል። ለ70 ዩሮ ጃኬቴን ለብሼ፣ በላዩ ፎጣ ደርቤ እንደምተኛ ስላወቅሁ መጠጥ ቤት ገባሁ።

እዚህ ላይ ደስ አለኝ። መድረክ የለም። አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበው ይጫወታሉ። አንዱ ቦድራን ይዟል፣ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ክብ ከበሮ ነው። ክሪስቲ ሙርም ይመታዋል። ግራ እጁን ከኋላ አስገብቶ ቆዳውን ይጫናል፣ በቀኙ በአጭር እንጨት ይመታል፤ የኋለኛው እጅ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ድምፁ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፍና ስትዘፍን ቤቱ ጸጥ አለ። አዝማሪ ቤት ቢሆን እስካሁን ስለ ራሰ በራነቴ ግጥም ተገጥሞልኝ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ 10 ዩሮ አውጥቼ ልሰጣት ተነሳሁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተው ልጄ፣ ከፈለግህ የሚጠጡት ግዛላቸው።»

ጨዋታ ጀመርን። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። በዐቢይ ጾም ልጆቻቸው ትሮከራ በሚባለው የካቶሊክ እርዳታ ድርጅት የካርቶን ሳጥን ሳንቲም ሲያጠራቅሙ ያስታውሳሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ያናድደኛል። ሩጫ አለን፣ ቡና አለን፣ ስለ እነሱ የሚጠይቅ የለም። ነገሩን ለማስቀየር የነርሷን ካሴት ነገርኳቸውና ከስልኬ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈትኩ።

አሮጊቷ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ አስረዱኝ። ዘፈኑን የጻፈው የክሪስቲ ታናሽ ወንድም ነው፣ አሁን ሉካ ብሉም በሚል ስም ይታወቃል። በ1847 ድንች በስብሶባቸው፣ ረሃብ አባሯቸው ሺካጎ ስለተሰደዱ አይሪሾች ነው። በዚያ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ነው የሞተው። እንግዲህ ያ ዘፈን በ1985 ወሎ መንገድ ላይ፣ እህል ይዞ በሚሄድ መኪና ውስጥ ይዘፈን ነበር። ነርሷ ቃሉን ታውቃለች። አባቴ አያውቅም።

አሮጊቷ በገዛ መኪናቸው ማረፊያዬ አደረሱኝ፣ አትከፍልም አሉኝ። በመንገድ ላይ «ያ የቀዱበት ቤት በዚያ በኩል ነው» ብለው በመስኮቱ አሳዩኝ። ዛፍና ጨለማ ነው ያየሁት።

ብርዱ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሲነጋጋ አባቴ ጋ ደወልኩ። የዘፈኑን ነገር ነገርኩት። ቆይቶ፣

«እኔ እኮ ፍቅረኛው የከዳችው ሰው ነበር የሚመስለኝ» አለ። «ሺካጎ ሺካጎ ሲል፣ እዚያ ሄዳበት ነው ብዬ። ስንት ጊዜ አዝኜለት።»

«ነርሷ አልነገረችህም?»

«አብራ ትዘፍን ነበር፤ መቼ ጠየቅኋት?» ዝም አለ። ከዚያ የሹፌርነቱ ነገር አልለቀው ብሎ፣ «ታክሲው ስንት ኪሎ ሜትር ነው ያልከኝ?»