ቆንሲሉን በተሳሳተ ዓመት ስፈልግ

አያቴ ቦረና ውስጥ ሜጋ ላይ የእንግሊዝ ቆንሲል በቅሎ ጫኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሰውየው «ቆንሲሉ» ከመባል ሌላ ስም አልነበረውም። አርኖልድ ሆድሰን እንደሚባልና በፈረንጅ ከ1914 እስከ 1923 የደቡብ ኢትዮጵያ ቆንሲል እንደነበረ ያወቅሁት ለንደን ገብቼ ነው። እዚያው ለንደን ኪው ወዳለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሄድኩት እሱን ፍለጋ ነው።

መግባቱ ቀላል ነው። መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ የአንባቢ ካርድ ያወጡላችኋል። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ያዙ።

ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባቴ «አያትህ ቆንሲሉ ቤት የገባው ሰገሌ በተዋጉበት ዓመት ነው» ይል ነበር። ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909፤ ይህንን ደግሞ ማን ሊነግረኝ! ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የ1909 ጥራዞችን አዘዝኩ። ሙሉ ጠዋት ገለጥኩ። የምኒልክ ሕመም አለ፣ የባቡሩ ጉዳይ አለ፣ የሜጋ ቆንሲል ግን የለም። ምሳዬን እየበላሁ ብልጭ አለልኝ። የፈረንጁ 1909 እኮ የእኛ 1901 ነው፤ ሰገሌ በእነሱ 1916 ነው! በፈረንጁ 1909 ሆድሰን ገና የዛሬዋ ቦትስዋና ውስጥ ፖሊስ ነበር። በየመስከረሙ ልጆቼን ስለ ዘመን አቆጣጠር የማሰለች እኔ ነኝ። እኔን ብሎ መዝገብ መርማሪ!

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ዓመቱን አርሜ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩን መዝገብ አዘዝኩ። ሰውየው ኋላ የፎክላንድ፣ የሴራሊዮንና የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ገዥ ስለነበር ሌላ ቦታ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም። አሁንም ባዶ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ትክ ብላ አይታኝ «ያኔ አለቃው ማን ነበር?» አለችኝ። አፈርኩ። ቆንሲል ሲሆን እኮ አለቃው አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን (የያኔው ኤምባሲ ማለት ነው) ነው፤ ወረቀቱም ከውጭ ጉዳይ መዝገብ ጋር ሄዷል፣ ማለትም ኤፍ ኦ 371 በሚባለው የመዝገብ ተከታታይ ውስጥ፣ «አቢሲኒያ» በሚለው ሥር።

ስለዚህ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ጽፋችሁ ፈልጉ ሲሏችሁ አትቸኩሉ። የዚያ ዘመን ጥራዝ በአብዛኛው በአገርና በፋይል ቁጥር ነው የተመዘገበው፣ ውስጡ ያለው ሰው ስም ላይወጣ ይችላል። መጀመሪያ የሰውየውን ሹመት በየዓመቱ ጻፉና ከጎኑ አለቃውን አስፍሩ። ከቅኝ ግዛት አስተዳደር ወደ ዲፕሎማትነት ተሻግሮ የተመለሰ ሰው ወረቀቱ ሁለት ቦታ ነው የተበተነው።

ትክክለኛው ጥራዝ ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። የእያንዳንዱ ደብዳቤ መሸፈኛ ላይ የለንደን ጸሐፊዎች አንዱ ከሌላው ሥር አስተያየታቸውን ጭረው የስማቸውን መነሻ ፊደል አኑረዋል። ስለ ድንበር ዘራፊና ስለ ዝሆን ጥርስ ይነጋገራሉ። የበቅሎ ጫኝ ስም አላገኘሁም።

ሆድሰን በፈረንጅ 1922 ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ሰዋስው አሳትሟል። የሜጋው በቅሎ ጫኝ የልጅ ልጅ ግን ኦሮምኛ አልችልም። ይህ ከጠፋብኝ ሁለት ቀን ይልቅ ይቆጨኛል።

አሁን ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፣ የእኛና የእነሱ። ሐሙስ የእነሱን 1917 አዝዣለሁ።