የዓመቱ እቅድ ከአባቱ ሰዓት ይጀምራል

እሑድ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የልጄን የሦስተኛ ክፍል እቅድ ለማውጣት ስቀመጥ ከሁሉ በፊት ባለቤቴ ቤት የሚገኝበትን ሰዓት ጻፍኩ። ሥራው የማታ ሽፍት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ሲመለስ እኩለ ሌሊት አልፏል። ልጃችን እንደ ጎረቤት ልጆች ጠዋት በአውቶቡስ ሄዶ ከሰዓት በኋላ 9 ተኩል ላይ ቢመለስ፣ አባትና ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚተያዩት አንዳቸው ተኝተው ሳለ ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ስንት ቤት እንዲህ እንደሚኖር አውቃለሁ። አባት ለልጆቼ ብሎ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ልጆቹ ደግሞ ድምፁን ሳይጠግቡ ያድጋሉ።

ሆምስኩል፣ ማለትም ልጁን በቤት ማስተማር፣ የጀመርነው ለዚህ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ መልስ ይጠብቃል፤ «ትምህርት ቤቱን ፈርተሽ ነው? ከዓለም ልትደብቂው ነው?» ይሉኛል። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ክፉ ነገር የለበትም፤ የጓደኞቼ ልጆች ደስ ብሏቸው ይማሩበታል። እኔ የፈለግሁት አባቱ ያለበትን ጠዋት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች አስተምር ሲል ሰዓቱንም ይናገራል፦ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙ፣ ሲነሡ። እነዚህ ሁሉ ወላጅና ልጅ አብረው የሚሆኑባቸው ሰዓታት ናቸው። አብረን ካልሆንን በየትኛው ሰዓት እናስተምረው?

ስለዚህ የዘንድሮው ቀን እንዲህ ይሄዳል። ልጄ ሲነሣ አባቱ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ጸሎት እናደርሳለን፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ የሚያውቃትን ያህል አብሮኝ ይላል። ከዚያ ድምፅ የማያስፈልገው ሥራ ይመጣል፦ የእንግሊዝኛ ንባብና የእጅ ጽሑፍ። ከላይብረሪ የሚመጡትን መጻሕፍት ራሱ ይምረጥ ብያለሁ፤ አምናም ሲመርጥ ነበር፣ ንባቡም በዚያው ጠነከረ። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አባቱ ይነሣል፤ ፍስክ ሲሆን አብረን ቁርስ እንበላለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የአባቱ ነው። አማርኛና ግእዝ ንባብ፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ሁሉም እዚያ ገብቷል። አማርኛን እንደ ትርፍ ነገር ማታ ሲደክመው ማስተማር አልፈልግም፤ ጉልበቱ ትኩስ እያለ አባቱ ይያዘው።

ባለቤቴ በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት ደግሟል። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን በሦስቱ የአነባበብ ደረጃዎች፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ አንብቦ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ገባ። እዚህ አገር ያ ዕውቀቱ የሚፈለግበት ቦታ ያገኘ አይመስለውም ነበር። አምና ልጁን ፊደል ሲያስቆጥረው ያየሁት ሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ልጁ «ጠ»ን «ተ» ባለበት ቁጥር ሳይቆጣ «ጠበቅ አድርገው፤ በል ደግመው» ይለዋል። ፊደሉን በጣቱ እየነካ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ የኔታ እነሱንም እንዲሁ ያደርጓቸው ነበር። ዘንድሮ መልእክተ ዮሐንስን ይጀምራሉ። እስከ ሰኔ ይጨርሱት ብዬ አላሰብኩም፤ አባቱም «ንባብ አይቸኮልበትም» አለኝ፣ ተስማማሁ። ዳዊት የሚገባው ሲደርስ ነው።

ስለ ሒሳቡ ደስ ያለኝን ነገር እዚህ ልጻፈው። ሦስተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል የሚጸናበት ዓመት ነው። ልጄ በየዓመቱ «ፋሲካ መቼ ነው? ለምን ቀኑ ይለዋወጣል?» እያለ ይጠይቃል። ዘንድሮ ራሱ ያወጣዋል። ባለቤቴ ባሕረ ሐሳቡን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ትናንት በወረቀት አሳየኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመትና መጪው 2018 ሲደመሩ 7518 ይሆናሉ። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ነውና መጪው ዓመት ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ) የሚቀረው አበቅቴ የሚባለው 12። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ልጁ ሥራውን ራሱ ማረም ይችላል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፣ ቀኑም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ ተጨማሪ ቁጥር) 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ከዚያ 14 ቀን ቆጥሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ከነነዌ ደግሞ 69 ቀን ቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይችለውም። ግን ማባዛቱም፣ ማካፈሉም፣ ቀሪውም ውስጡ አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የሚጠብቀው በዓል አለ። በወር አንድ እርምጃ ቢሄዱ ለጥር ይደርሳሉ።

ቀኖቹ ከታወቁ በኋላ ዓመቱን መከፋፈል ቀለለኝ። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች በዚህ ወር ይከፈታሉ። እኛ ፍልሰታን በቤተ ክርስቲያን ፈጽመን፣ እንቁጣጣሽን አክብረን፣ መስከረም 5 ሰኞ እንጀምራለን። ልጄ 7 ዓመት ከሞላው ጀምሮ እንደ አቅሙ ይጾማል፤ በጾም ሰሞን ከባዱን ትምህርት ጠዋት አድርጌ ከቀትር በኋላ አልጫነውም። በሰሞነ ሕማማት ደብተር አይከፈትም፤ የሚውለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥምቀት ዘንድሮ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ሰኞ ነው፤ በዚያው ዕለት እዚህ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ይከበራል። የታሪኩን ሳምንት ለሁለቱ ሰጥቻለሁ። ስለ ዮርዳኖስ ሲማር ስለ ሞንትጎመሪው የአውቶቡስ አድማም ይማራል፤ የተወለደበት አገር ታሪክ ነውና ከእኛ አፍ ቢሰማው እወዳለሁ። የካቲት 23 ዓድዋን አባቱ ይነግረዋል።

ለሳይንስ ብዙ አልጻፍኩም። ሀንትሊ ሜዶውስ የሚባለው ፓርክ ቅርባችን ነው፤ ረግረጉ ላይ በተሠራው የእንጨት መንገድ እየሄድን ወፉን፣ ኤሊውን፣ ቢቨሩ የቆረጠውን ዛፍ ያያል፣ ይሥላል፣ ቀኑን ይጽፋል። አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚህ ቅጠል መርገፍ ይጀምራል፤ ለምን እንደሆነ ከዚያ እንነሣለን። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችም በነፃ የሚገቡ ናቸው።

የሕጉ ነገር ቀላል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ (ሱፐርኢንተንደንት) ደብዳቤ ይገባል፦ ልጁን በቤት እናስተምራለን፣ የሚማራቸው ትምህርቶች ዝርዝር ይኸው፣ ወላጅ ለማስተማር ብቁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይኸው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም የባለሙያ ግምገማ ይላካል። ዘንድሮ የደብዳቤው ቀነ ገደብ ነሐሴ 9 ዓርብ ይውላል። ዝርዝሩን ጨርሻለሁ፤ ማክሰኞ ይላካል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ፣ ልጁ ከማን ጋር ይጫወታል?» ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አለው፤ ግን ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አይጫወትም። ለዚህ ስል ከእቅዱ ብዙ ነገር አወጣሁ። ስፓኒሽ ወጣ፣ የኮምፒውተር ትምህርቱም ለሌላ ዓመት ይቆይ አልኩ። በእነሱ ቦታ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሌሎች የሆምስኩል ቤተሰቦች መናፈሻ የሚገናኙበትን ሰዓት አስገባሁ። አብዛኞቹ ፈረንጆች ናቸው፣ ጸሎታቸውም ከእኛ ይለያል፤ ልጆቹ ግን ጨዋዎች ናቸው፣ ልጄም ስማቸውን እየጠራ ይናፍቃቸዋል። ከእኛ ማኅበረሰብ ሁለት እናቶች እኔን አይተው ለመጀመር እያሰቡ ነው። ቢጀምሩ የግእዙን ንባብ ልጆቹ አብረው ቢማሩት ባለቤቴ ደስታውን አይችለውም።

ሦስት ዓመት የሆናት ልጄ የት እንደምትገባ ገና አልወሰንኩም። ወንድሟ ደብተር ሲይዝ እሷም ትፈልጋለች፣ «ሀ ሁ» ሲል ከኋላው ትላለች። ባለቤቴ «ተያት፣ ከእኛ ጋር ትቀመጥ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ያቺ ሰዓት ለልጁ ብቻ ብትሆንለት እመኛለሁ፤ እሷ ከተወለደች ወዲህ ሁሉንም ነገር ሲካፈል ነው የኖረው። ከዛሬው ቅዳሴ ስንመለስ እንነጋገርበታለን።