ብርቱካኑ ግንድ ላይ ያገኘኋቸው አባጨጓሬዎች

ደቡብ ብራዚል፣ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ የተከራየሁት ቤት ጓሮ አንድ የብርቱካን ዛፍ አለ። ታኅሣሥ ላይ ግንዱ የሻገተ መስሎኝ ልፍቀው ስጠጋ ሻጋታው ተንቀሳቀሰ። ተቃቅፈው የተኙ አባጨጓሬዎች፤ ሃያ ስድስት ቆጠርኩ።

እጄን ስዘረጋ አከራዬ በመስኮት ጮኹብኝ፦ «ተው፣ አትንካ!» እውነታቸውን ነው። ደቡብ ብራዚል ውስጥ ሎኖሚያ የሚባል አባጨጓሬ አለ፤ እሱም ቀን ግንድ ላይ ተከማችቶ ይውላል። እሾሁ የወጋው ሰው ደሙ አልረጋ ብሎ ሊሞት ይችላል፤ ማርከሻውን የሚያመርተው ሳኦ ፓውሎ ያለው ቡታንታን ኢንስቲትዩት ነው። ሎኖሚያ ጀርባው ቅርንጫፍ ባወጣ እሾህ የተሸፈነ ነው፣ የእኔዎቹ እሾህ የላቸውም። ይህን ያወቅኩት ግን ፎቶ አንስቼ ካመሳከርኩ በኋላ ነው።

ፓፒሊዮ አንኪሲያደስ የሚባል የቢራቢሮ ዓይነት ልጆች ናቸው። ቀን ግንድ ላይ ያንቀላፋሉ፣ ሲመሽ ወደ ቅጠሉ ይወጣሉ። አንዱን በእርሳስ ነካ ሳደርገው ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ እርጥብ ቀንድ ብቅ አደረገ። ሽታው የከረመ ቅቤ!

አሥሩን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ከተትኳቸው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ አላበው፣ ኩሳቸው ሻገተ፣ በአራት ቀን አራቱ ሞቱ። የተረፉትን ወደ ካርቶን አዛውሬ አፉን በሻሽ ሸፈንኩት። ቅርንጫፉን ውሃ ባለው ጠርሙስ ሰክቼ የጠርሙሱን አንገት በጥጥ ደፈንኩ፤ ካልተደፈነ ገብተው ይሰምጣሉ።

አንድ ቀን መብላት ትተው ካርቶኑን ይዞሩ ጀመር። ታመሙ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ፑፓ (ቢራቢሮ ከመሆናቸው በፊት ሽፋን ውስጥ የሚቆዩበት ደረጃ) የሚሆኑበት ቦታ ፍለጋ ነው። እንጨት አቆምኩላቸው። ጫፋቸውን አጣብቀው፣ ወገባቸውን በአንዲት የሐር ክር ታጥቀው፣ ምሰሶ ላይ በቀበቶ እንደሚቆም የመብራት ሠራተኛ ቀጥ አሉ። ከአንዱ ፑፓ ግን ትል ወጣና ዝንብ ሆነ። እናቱ ዝንብ እኔ ሳልሰበስባቸው በፊት እንቁላሏን ጥላበት ኖሯል። ሌላ ጊዜ ገና በእንቁላልነታቸው ነው የምወስዳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስቱ ቢራቢሮ ሆነው ወጡ። አንዱ ክንፉን ሳይዘረጋ ለስላሳው ካርቶን አንሸራቶ ጣለው፤ ክንፉ እንደተጨማደደ ደረቀ። ግድግዳውን ሻካራ ጨርቅ ማልበስ ነበረብኝ። የቀሩት ጥቁር ናቸው፣ የኋላ ክንፋቸው ላይ ደማቅ ቀይ ነጠብጣብ። ዘመዶቻቸው በክንፍ ጭራ ይታወቃሉ፤ እነዚህ ጭራ የላቸውም። መልካቸውም የተዋሱት ነው፦ መርዛማዎቹን የፓሪደስ ቢራቢሮዎች ስለሚመስሉ፣ መርዝ ሳይኖራቸው ወፍ ይሸሻቸዋል።

አራቱን ጓሮ ለቀቅኳቸው። አከራዬ ቡናቸውን ይዘው ሲያዩ ቆዩና «አሁን ብርቱካኔ ላይ ሊወልዱ ይመለሳሉ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።