ዋጋ ያልተጻፈበት ሁሉ መቶ የን ነው

የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃዎች መጋዘን ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ለሚችሉ የሌሊት ፈረቃ ዕቃ አውጪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር የተረዳሁት ከወራት በኋላ፣ ጃፓን ውስጥ በአንድ የመቶ የን ሱቅ፣ አብዛኛው ዕቃ በአንድ ዋጋ በመቶ የን (የን የጃፓን ገንዘብ ነው) በሚሸጥበት ሱቅ፣ ቆሜ ሳለሁ ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የአንድ ጥጥ ማበጠሪያ ማሽን ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ ተሰበረ። መካኒኩ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ «ኩሽኔታ 6204፣ 1 ፍሬ» ብሎ ጽፎ ወደ መጋዘን መጣ። ይህ ቁጥር የሚናገረው ልኩን ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ጎኑ ክፍት ይሁን የተሸፈነ ግን ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም፤ በሁለቱም ጎን የጎማ መከለያ ያለው ከቁጥሩ ቀጥሎ «2አርኤስ» የሚል ምልክት ይጨመርበታል። ብናኝ በሚበዛበት የማበጠሪያ ክፍል መግባት የሚገባው መከለያ ያለው ሲሆን በዚያ ሌሊት የወጣው ግን ክፍቱ ነበር፤ ፈረቃውን ለማትረፍ ይጣደፍ የነበረው መካኒክም ሳያስተውል ገጠመው። ማሽኑ ዘጠኝ ቀን ሠራ። በዐሥረኛው ቀን የጥጥ ብናኝ ከግራሱ ጋር ተለውሶ ኩሽኔታውን አነቀው፣ ዘንጉም ተበላ፣ ማሽኑም ከሁለት ቀን በላይ ቆመ።

የሁለቱ ኩሽኔታዎች ሳጥኖች በመደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነበሩ። በሁለቱም ላይ እኔው ያዘጋጀሁት መለያ ተለጥፎ ነበር፤ የዕቃው ኮድ፣ ሙሉ ስሙ፣ መለኪያው፣ አቅራቢው፣ የገባበት ቀንና የመደርደሪያው ቁጥር በስድስት መስመር በደቃቅ ፊደል ታትሞበታል። አዛውንቱ «ልጄ፣ ሁሉም አንድ መሰለኝ» ሲሉኝ የመለስኩላቸው «ተጽፎ እያለ ለምን አላነበቡም?» የሚል ነበር። ደብዳቤውም ወደ ፋይላቸው ገባ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ለአጭር የካይዘን (ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) ሥልጠና ወደ ጃፓኗ ከተማ ኮቤ ተላክሁ። ካይዘን ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች በየፋብሪካው ግድግዳ ተለጥፈዋል፣ በእኛም መጋዘን በር ላይ ነበሩ። አንድ እሑድ ለመጋዘናችን የሚሆኑ ትንንሽ ቅርጫቶችና ማንጠልጠያዎች ባገኝ ብዬ፣ ሳንኖሚያ በሚባለው የከተማዋ መሀል ዳይሶ ወደተባለው ሱቅ ገባሁ።

ዓይን የሚያደክም ብዛት ነበረው። ሳህንና ሹካ፣ እርሳስ፣ የአበባ ዘር፣ መፍቻ፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ የስልክ ገመድ በየረድፉ ተደርድሯል። ቅርጫቱን አነሣሁና ዋጋውን ብፈልግ የለም፤ ማንጠልጠያውንም ባገላብጠው የለም። በአገራችን ዋጋው ያልተጻፈበት ዕቃ ወይ ክርክር አለበት፣ ወይ ገና አልተተመነም፤ ስለዚህ ሽርጥ የታጠቀችውን ሠራተኛ ጠየቅኋት። «ህያኩ ኤን» አለችኝ፣ መቶ የን ማለቷ ነው። ሌላ ይዤ ተመለስኩ፤ «ህያኩ ኤን»። ለአራተኛ ጊዜ ስመለስ ቅር ሳትሰኝ ወደ መደርደሪያው መራችኝ፤ በጉልህ ቁጥር 300 የተጻፈበትን አንድ ሳጥን አሳየችኝ፣ ከዚያም ምንም ያልተጻፈባቸውን በዙሪያው ያሉትን ሁሉ በእጇ ጠቅልላ እያመለከተች፣ ረጋ ብላ «ህያኩ ኤን» አለችኝ።

በዚያች ቅጽበት የገባኝ የዋጋው ነገር ብቻ አልነበረም። በሺሕ በሚቆጠር ዕቃ መካከል ያ ባለ 300 ሳጥን ከሩቅ ይታያል፤ የሚታየውም ሌሎቹ ዝም ስላሉ ነው። የእኔ መጋዘን ዕቃ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገር ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በደበዘዘ አምፖል ሥር፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስድስት ስድስት መስመር እያነበበ ልዩነቱን እንዲያገኝ የፈረድኩበት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ይህን ለአሠልጣኛችን ስነግራቸው የሱቁን መሥራች የሂሮታኬ ያኖን ታሪክ አጫወቱን። ያኖ እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራውን ሲጀምሩ ዕቃ በጭነት መኪና እያዞሩ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ገዢው እየተሻማ ለእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ለመለጠፍ ጊዜ ሲያጡ፣ ሁሉም መቶ የን ነው ብለው ተገላገሉ። እኔ ሰዓት ተርፎኝ ስድስት መስመር ስጽፍ የኖርኩትን፣ እርሳቸው ጊዜ አጥተው በአንድ ደንብ ጨረሱት።

ስመለስ ቢን ካርዶቹን፣ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸውን፣ አልነካኋቸውም፤ ኦዲት ይፈልጋቸዋል። ከመደርደሪያው ፊት ግን ያን ረጅም መለያ አስነሥቼ ቁጥሩን ብቻ በትልቁ አስጻፍኩ። ቁጥራቸው ተመሳሳይ ሆኖ ዓይነታቸው በሚለያይ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ቀይ ካርድ ሰቀልን። ደንቡም አንድ ሆነ፤ ቀይ ካርድ የሌለው በቁጥሩ ይወጣል፣ ቀይ ካርድ ያለው ግን መካኒኩ ሙሉ ምልክቱን በቅጹ ላይ ካልጻፈ ከመደርደሪያው አይነሣም። ከአራት ሺሕ በላይ ከሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ቀይ ያስፈለጋቸው ስድሳ ሦስት ብቻ ነበሩ። በጣም የተቸገርኩት የቀይ ካርዶቹን ብዛት እዚያው ላይ በማቆየት ነው፤ የጥገና ክፍሉ ውድ ለሆኑት፣ ግዢው ክፍል ደግሞ ከውጭ ለሚመጡት ቀይ ይሰቀል እያሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። መጋዘኑ በሙሉ ከቀላ ያ ሌሊት ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና።

ከዚያ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄጄ ደብዳቤው እንዲነሣ በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ምክንያቱንም «የአቀማመጥ ጉድለት፣ ኃላፊው እኔ» ብዬ አሰፈርኩ። ማታ አዛውንቱ ፈረቃ ሲገቡ ጠብቄ የደብዳቤውን መነሣት ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፣ ወደ መደርደሪያው ሄዱ፣ ክፍቶቹን 6204 ኩሽኔታዎች ከነሳጥናቸው አንሥተው ወደ ታችኛው እርከን አወረዱና ቀዩን ካርድ በራሳቸው እጅ ሰቀሉበት።