የጥቁሩ ውሻ በር፦ አንድ ቀን በብላይበራ

"ለንደን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ነው?"

ጓደኛዬ ነው ይህን ያለው። ቅዳሜያችንን ገጠር ሄደን አንድ የድሮ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እናያለን ስለው አልጣመውም። እኔም ዘዴ ቀየርኩ። "ሰይጣን በጥቁር ውሻ ተመስሎ ገብቶበታል የሚባል ነው። በሩ ላይ የጥፍሩ ምልክት አሁንም አለ" አልኩት። ወዲያው "ስንት ሰዓት ነው ባቡሩ?" አለኝ።

ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ተነሳን። ኢፕስዊች ላይ ወርደን በምሥራቅ እንግሊዝ ያለውን የሰፎክ አውራጃ ጠረፍ ይዛ ወደ ሰሜን የምትሄደውን ትንሽ ባቡር ያዝን። ይህቺ ባቡር አትቸኩልም። በየመንደሩ እየቆመች፣ በስንዴ ማሳና በአሳማ እርባታ መሃል እያዘገመች ዳርሻም አደረሰችን። ከዚያ ወዲያ በታክሲ ነው። ሾፌሩን "ብላይዝበርግ" አልኩት። ፈገግ ብሎ "ብላይበራ" ሲል አረመኝ። ከስሙ ግማሹን ይውጡታል፤ ስሙን በትክክል የሚጠራው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ከመንደሩ በፊት ታየችን። ብላይዝ የሚባለው ወንዝ እዚህ ጋ ሰፊ ረግረግ ይሆናል። የባሕሩ ውኃ ሲሞላ ሐይቅ ይመስላል፣ ሲጎድል ጭቃ ብቻ ይቀራል። ከረግረጉ በላይ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ተገትራለች። "የረግረጉ ካቴድራል" ይሏታል። ካቴድራል ግን አይደለችም፤ ተራ አጥቢያ ናት። መንደሩ ራሱ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ መጠጥ ቤትና በመሃሉ የሚያልፍ የመኪና መንገድ ነው። ጓደኛዬ ዞር ዞር ብሎ አየና "ይሄን ሁሉ ማን ሊሞላው ነው የሠሩት?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው ወንዙ ጋ ነው። ብላይበራ ድሮ ወደብ ነበረች። ዓሣው፣ ሱፉ፣ ገበያው ገንዘብ ያመጣ ነበር። የቦታው ቅድስና ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በ7ኛው መቶ ዘመን የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ የነበረው አና (አዎ፣ ወንድ ነው) ከመርሲያው ንጉሥ ከፔንዳ ጋር ሲዋጋ እዚሁ አቅራቢያ ወደቀ። በ654 ገደማ መሆኑ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሬሳው እዚህ እንዳረፈ ይነገራል። በ12ኛው መቶ ዘመን የአውግስጢኖስ ሥርዓት መነኮሳት እዚሁ ትንሽ ገዳም ተከሉ። በ1412 ደግሞ የገዳሙ አለቃ መቅደሱን እንደገና ለመሥራት ፈቃድ አገኘ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ አብዛኛው የዚያ መቶ ዘመን ሥራ ነው። ማማው ብቻ ከዚያ በዕድሜ ይበልጣል።

ግድግዳዋ በባልጩት ነው የተሠራው። በዚህ አገር ደህና የግንብ ድንጋይ የለም፤ ባልጩት ግን እንደ ልብ ነው። በምሥራቁ በኩል፣ ከትልቁ መስኮት ሥር፣ በባልጩትና በነጭ ድንጋይ የተሠሩ የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። የቃላት መጀመሪያ ሆሄያት ናቸው ይባላል፤ ቅድስት ሥላሴን፣ ማርያምን፣ ሐናን፣ ካትሪንን ይጠራሉ።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ልማድ ነው። ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ "ተው፣ ብርድ ይመታሃል" አለኝ።

ገባን። መጀመሪያ የመታኝ ብርሃኑ ነው። የእንግሊዝ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ጨለማ፣ እርጥበት፣ የሻጋታ ሽታ ነው የሚመጣብኝ። እዚህ ግን ላይኛው ግድግዳ ላይ በግራ 18፣ በቀኝ 18 መስኮት ተደርድሯል። ባለ ቀለሙ መስታወት ከሞላ ጎደል ስለጠፋ የሚገባው ብርሃን ነጭ ነው። ወለሉ ጡብና ድንጋይ። ሰው የለም። ቀና ስንል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋው የእንጨት ጣሪያ ላይ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ቁልቁል ያዩናል። ከእንጨት የተቀረጹ ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን የጥንቱ ነው፣ ማንም አላደሰውም። ቀይና አረንጓዴ አበባ በነጭ ላይ። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ። የአንዳንዱ ፊት ተበልቷል፤ አንዳንዱም ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ይታያል።

አበባ የሚያስተካክሉ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ሰላም አልናቸው። ጓደኛዬ ጊዜ አላጠፋም፤ "ውሻው የቱ ጋ ነው?" አላቸው። ሳቁ። ይህን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሚሰሙት እግዜር ይወቀው። ወደ ሰሜኑ በር ወሰዱን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦገስት 4 ቀን 1577፣ እሁድ፣ ሕዝቡ ለጸሎት ተሰብስቦ እያለ ከባድ ነጎድጓድ መጣ። መብረቅ ማማውን መታው፤ ጫፉ ጣሪያውን ሰብሮ ውስጥ ወደቀ። አንድ ሰውና አንድ ልጅ ሞቱ። ያን ዕለት በአቅራቢያው ባለችው በበንጌይ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሞቷል። በአፈ ታሪኩ ግን ገዳዩ መብረቅ አይደለም፤ ብላክ ሸክ የሚባለው ግዙፍ ጥቁር ውሻ ነው። ሲወጣ በሩን በጥፍሩ ቧጨረው ይላሉ።

በሩን አየነው። እንጨቱ ላይ ረዘም ረዘም ያሉ ጥቁር የቃጠሎ ምልክቶች አሉ። ጓደኛዬ ጣቱን አስጠግቶ ለካ። ለፎቶም ቆመ። ሴትየዋ ቀስ ብለው "በድሮ ቤቶች እንጨት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ብዙ ነው፤ በጧፍ ነበልባል የሚሠራ ነው" አሉን። ሰዎች ቤታቸውን ከእሳትና ከመብረቅ ለመጠበቅ ብለው ሆን ብለው ያደርጉት እንደነበር የሚያስረዱ ተመራማሪዎች አሉ። ጓደኛዬ ይህንን አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

"መላእክቱንስ ማን ቀዳዳቸው?" አልኳቸው።

"እርስዎ ማን ይመስልዎታል?"

እኔማ አንብቤ ነበር የመጣሁት። ከዊልያም ዳውሲንግ ሌላ ማን ይሆናል! እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ይህ ሰው ከፓርላማው ወገን ሥልጣን ተሰጥቶት፣ በካምብሪጅሺርና በሰፎክ ከ250 በላይ አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ሥዕልና ምስል ያስፈርስ ነበር። የሚገርመው የቀን ውሎውን ይመዘግባል፤ ለሥራውም ከየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ይቀበላል። እዚህ የመጣው በአፕሪል 1644 ነው። 20 ሥዕል፣ 2 መስቀል፣ 20 ኪሩቤል ይውረዱ ሲል መዘገበ። ከ200 በላይ ሌሎች ሥዕሎች ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ እንዲነሱ አዘዘ። መስታወቱ ያኔ ሄደ። ወታደሮቹ ፈረሶቻቸውን ምሰሶዎቹ ላይ አስረው፣ መላእክቱን እንደ ዒላማ ተኮሱባቸው የሚለው ወሬም ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ግን መላእክቱ አልወረዱም። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ያን ያህል የሚደርስ መሰላል ከየት ይመጣል? ተኩሱም ቢሆን የወታደር አልነበረም። ባለፈው መቶ ዘመን ጣሪያው ሲጠገን ከእንጨቱ ውስጥ ደቃቅ የእርሳስ ጥይት ወጣ። ሲመረመር የ18ኛው መቶ ዘመን ሆኖ ተገኘ። የአጥቢያው የሒሳብ መዝገብ ሲገለጥ፣ በዚያው መቶ ዘመን ለባሩድና ለጥይት የተከፈለ ገንዘብ ተጽፏል። ለምን? ቁራ ለመግደያ! ጣሪያው ተበሳስቶ ቁራዎች ገብተው ጎጆ ሠርተው ነበር። ሰዎቹም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው ወደ ላይ ይተኩሳሉ። ቁራው ይበራል፣ መልአኩ ይመታል።

ለብቻዬ ሳቅሁ። አንድ ሽማግሌ ጠበንጃ ደግኖ፣ ሌላው "ግራ ግራውን!" ሲለው ታየኝ።

ያ ሁሉ የመጣው ከድህነት ነው። መርከቦች እየተለቁ ሄዱ፤ ወንዙ በደለል ተሞላ። ወደቡ ሞተ። ገዳሙን ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ ዘጋው። በ1676 እሳት ከተማውን በላው፤ ብዙዎቹ ቤታቸውን መልሰው አልሠሩም። ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን በጥቂት ድሆች እጅ ቀረ። ዝናብ ሲዘንብ ምእመናን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ይጸልዩ ነበር ይባላል። በ1881 ጳጳሱ "ይህ ሕንፃ ሰው ላይ ይወድቃል" ብሎ አስዘጋት።

ከዚያ ደግሞ ጠቡ መጣ። በዚያ ዘመን እድሳት ማለት አሮጌውን ፍቆ አዲስ ማስመሰል ነበር። በገጣሚውና በንድፍ ሠሪው በዊልያም ሞሪስ የተመሠረተው የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር "አትንኩት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ደግፉት" አለ። ቄሱ ደግሞ ጉባኤው የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ለቄሱ ነው ያዘንኩት። ጃንጥላ ይዞ መቀደስ ቀላል አይደለም። ግን ገንዘቡም አልተገኘ፤ ስለዚህ ብዙው ሳይነካ ቀረ። ያ የደበዘዘ ቀለም ዛሬ ጣሪያው ላይ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንበሮቹን አለማየት ነውር ነው። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ላይ የኃጢአት ዓይነቶች በሰው አምሳል ተቀርጸዋል። ስንፍና አልጋው ውስጥ ተቀምጧል። ሆዳምነት ቦርጩን አቅፏል። ስስት የገንዘብ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሐሜት ምላሱን አውጥቷል። "ይሄን ፎቶ አንስቼ የምልክላቸው ሰዎች አሉ" አለ ጓደኛዬ። መዘምራን የሚቆሙበት ቦታ ያለው እንጨት ደግሞ በአንድ ወቅት የተማሪ ጠረጴዛ ነበር። ዲርክ የሚባል ልጅ በ1665 ስሙን ፍልፍል አድርጎ ጽፎበታል። መምህሩ ወዴት ዞሮ ነበር?

ከመውጣታችን በፊት ሴትየዋ ጃክን አሳዩን። ጢም ያለው፣ የጦር ልብስ የለበሰ የእንጨት ሰውዬ ነው፤ 1682 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ገመዱ ሲሳብ በመጥረቢያው ደወል ይመታል፣ አንገቱንም ይነቀንቃል። ጸሎት የሚጀመረው እሱ ሲመታ ነው። "ይሳቡት" አሉኝ። ሳብኩ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን ባዶው ቤት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ቆየ። በ1969 ከዚህ ብዙም የማይርቀው የስኔፕ ሙዚቃ አዳራሽ በኦልድበራ የሙዚቃ በዓል መክፈቻ ሌሊት ሲቃጠል፣ የሞዛርትን ኦፔራ ወደዚህ አምጥተው ያሳዩት ለካ ያለ ምክንያት አይደለም።

በመመለሻው ባቡር ላይ ጓደኛዬ ለልጆቹ ደወለ። ጥቁሩ ውሻ ጥጃ ያህላል አላቸው። ዓይኑ እንደ ፍም ይበራል፣ በሩን በአንድ ምት ነው የሰነጠቀው አላቸው። ፎቶውንም ላከላቸው። ስለ ቁራዎቹ ግን ትንፍሽ አላለም።